ከመዝገቡ የጎደለው ማክሰኞ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11። ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ፤ የክፍሉ መስኮት አልቦታል። የነበሩት፦ ሻድሊ፣ ኑሪ፣ እኔ።

ውድ ታላቅ ወንድሜ፣ ጌታዬ ሲዲ ሻድሊ፣

ከላይ ያለው መስመር በሥራ መዝገቤ ላይ መኖር የነበረበት ነው። የለም። የጨረር ሕክምና ለሚወስዱ ሰዎች ራሳቸው እንዳይነቃነቅ የሚይዝ የፊት ጭንብል መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ቀኑን፣ አየሩንና በክፍሉ የነበሩትን ሰዎች ሳልጽፍ የቀረሁበት ቀን አልነበረም። አየሩን የምጽፈው እርጥበት ባለበት ቀን የጭንብሉ ፕላስቲክ ቶሎ ስለማይደርቅ ነው። ሰዎቹን የምጽፈው ደግሞ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን መጠየቅ እንዳለበት እንዲታወቅ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ እሁድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። አሪያና ባለችው ቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። አንተ አሁን መዲናው፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ በአባታችን ቤት ጋደም ብለሃል፤ ምናልባት ትናንት ያመጣሁልህን ሾርባ ሞክረኸዋል፣ ምናልባትም ለድመቷ ሰጥተኸዋል። መጥቼ በአፌ ልነግርህ እችል ነበር። ግን በአፌ ስነግርህ ተነሥተህ ትሄዳለህ። ወረቀት ግን ጥለህ አትሄድም። መንገድ ላይ የወደቀ ወረቀት ስታይ እንኳ ጎንበስ ብለህ አንሥተህ ኪስህ የምትከት ሰው ነህ፤ የሻሺያ ቆብ ሠሪ ልጅ ወረቀት አይጥልም።

እኔን ማንበብ ያስተማረኝ ያ ወረቀት መሆኑን ታውቃለህ? እናታችንና እኔ እዚህ አሪያና ነጩን ቆብ በሹራብ ሠርተን ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሱቁ ስናመጣ፣ እናንተ ውስጥ ሆናችሁ የተነከረውን ቀይ ቆብ በደረቀ እሾህ ትቦርሹ ነበር፤ እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ቆቡ ቅርጹን እንዲይዝ ውስጡ የሚጠቀጠቀውን የጋዜጣ ቅዳጅ እያወጣሁ አነባለሁ። ግማሽ ዜና፣ ስሙ የተቀደደ የሞት ማስታወቂያ፣ መጨረሻ የሌለው ታሪክ። አንተ ለደንበኛው እንዲህ ትል ነበር፦ «ዳሌንዳ የዓለምን ወሬ ግማሹን ታውቃለች፤ ግማሹ ሰው ራስ ላይ ሆኖ ሄዷል።» ሁሉም ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር።

አባታችን ቆብ የሚቀረጽበት እንፋሎት ጋ ሲቆም የራሱን ቆብ አውልቆ ለማን እንደሚሰጥ ታስታውሳለህ። ሁልጊዜ ለአንተ። የሱቁ ጌታ ቆብ የሚያዘው ሙያውን በሚወርሰው እጅ ነበር፤ በኛ ቤት ማንም ጮክ ብሎ ባይናገረውም ሁሉም ያውቀዋል። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንድ ቀን እጄን ዘረጋሁ። «አንቺ ደሞ ሹራብሽን ያዢ» አልከኝ። አባታችንም ፈገግ አለ። ይህን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም። ማክሰኞ ዕለት እጄ ያደረገውን ከየት እንዳመጣው እንድታውቅ ነው።

ባለፈው መከር ምላስህ ሥር ያለው ቁስል ምን እንደሆነ ሲነገርህ፣ ሐኪሟ ኩላሊትህ ኬሞውን እንደማይችለው ስትነግርህ፣ ከዚያም በምርምር ላይ ያለ ሌላ መንገድ አለ ስትልህ፣ ከክፍሉ ወጥተህ ኮሪደሩ ላይ እኔ ጋ መጣህ። መወልወያዬን እንደያዝኩ ነበርኩ። በወረቀት ላይ እስከ ዛሬ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ጭንብል የምሠራው ጡረታ የወጣችው ሴት እጄን አይታ ስለተወችልኝና ከዚያ ወዲህ የተሻለ ስላልተገኘ ብቻ ነው።

«አንቺ እዚህ አይደለሽ?» አልከኝ። «ምንድን ነው ይሄ የሚወጉኝ ነገር?»

በሕይወትህ የጠየቅኸኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

ስለዚያ የሚወጉህ የብረት ብናኝ የማውቀው ከቆሻሻ ቅርጫት ካነሣሁት ግማሽ ወረቀት ነበር፤ የጎደለውን ደግሞ የጨረሩን ልክ የምታሰላውን ሪምን ጠይቄያታለሁ። «ከሱፉ አንዷን ፀጉር ውሰድ» አልኩህ። «አምስት መቶ ቦታ ሰንጥቃት። የብረቱ ብናኝ ያንን ያህል ነው። አንድ ጊዜ እብጠቱ ውስጥ ይወጉታል፤ እዚያው ይቀመጣል። ብቻውን ምንም አያደርግም። ጨረሩ ሲመታው ግን እዚያው ቦታ ላይ የጨረሩን ጉልበት ያበዛዋል፤ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ሥጋ የሚደርስበት የተለመደው ነው።»

አሰብክ። ሱፍ ሲቀርብልህ በጣትህ እንደምታሸው ነገሩን አሸኸው።

«ጨረሩ ቢስተውስ?»

«አይስትም» አልኩህ። «ጭንብሉን የምሠራው እኔ ነኝ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አልረሳሁትም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሠላሳ አምስት የሕክምና ቀን ተባለ። አንተም ሪም ፊት ቆመህ ቃልህን ሰጠህ፦ «ረመዳን ሳይገባ ከጨረሳችሁ እሺ። ከገባ ግን አንድ ቀንም አልመጣም። ዓመቱን ሙሉ ያንን በር የምከፍተው ለዚያች ወር ነው፤ ሰው ለዒድ ቆብ የሚገዛው ያኔ ነው። ከአባቴ በኋላ አንድም ረመዳን አልዘጋሁም።» ሪም ቀኑን ቆጠረች። ፌብሩዋሪ 27 ያልቃል አለችህ። ከረመዳን በፊት ሁለት ቀን ይተርፋል። አንተን የማያውቅ ሰው የሽማግሌ ቁጣ ይመስለዋል። እኔ አውቅሃለሁ። አልመጣም ካልክ አትመጣም።

ማክሰኞ ሃያ ሦስተኛ ቀንህ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተኛህ፣ ጭንብሉን አልብሼ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ቆለፍኩት፣ እንደ ልማዴ ጣቴን በጉንጭህና በፕላስቲኩ መካከል አስገባሁ። ሁለት ጣት ገባ። ሰባት ኪሎ ቀንሰሃል። አንገትህ ላይ የነበረው እብጠትም ጎድሏል፤ ብናኙና ጨረሩ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። መልካሙ ነገር ራሱ ነው ጭንብሉን ያላላው። ጭንቅላትህን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ ትችል ነበር፤ አንተ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ነበርና አላወቅህም።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ከአንድ ጣት በላይ ከገባ ሪምን ጥሪ። አዲስ ጭንብል፣ አዲስ ፎቶ፣ አዲስ ስሌት። እስከዚያ ሕክምናው ይቆማል፤ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት። እስከ ረመዳን ሁለት ቀን ብቻ ነበር የተረፈን።

የጭንብሎቹን ጠርዝ የማለሰልስበት ቀይ የሱፍ ቅዳጅ ጋውኔ ኪስ ውስጥ አለ፤ ከሱቅህ ወለል ለቅሜ ያመጣሁት ነው። መቀሱም አለ። ቆቡ ለሰፋበት ደንበኛ አባታችን ምን ያደርግ ነበር? ቅዳጅ አጥፎ ጠርዙ ውስጥ ይከትለትና «ጭንቅላትህ እስኪያድግ» ይለዋል። እኔም አራት ቁራጭ ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ ሁለቱን ጉንጭህ ላይ፣ ሁለቱን አገጭህ ሥር ከተትኩ። ጭንብሉ ያዘህ።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኑሪ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ጮኸ፦ «እትዬ ዳሌንዳ፣ ጠበቀ?»

«ጠብቋል።»

«አንቺ ጠብቋል ካልሽማ ማን ነኝ እኔ! ውጪ እንግዲህ፣ ጨረር ልትሞቂ ነው?»

ወጣሁ። ያ ትልቅ በር ተዘጋ። ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም ቁራጮቹን እዚያው ቦታቸው አስቀመጥኳቸው። ቦታ መያዝህን የሚያሳየው ፎቶ የሚነሣው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ማንም አላየም።

ዓርብ አንተ አየህ። ጭንብሉን ስፈታልህ አንዱ ቁራጭ ደረትህ ላይ ወደቀ። አንሥተህ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል አሸኸው። ምላስህ ከብዶ ቃላቱ እርጥብ ጨርቅ የታሰረባቸው ይመስሉ ነበር፤ ግን ገባኝ።

«የኔ ሱቅ ነው።»

«አዎ።»

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

ጠርዙን ወደ መብራቱ አዙረህ አየኸው። «ቀጥ ብሏል» አልክ።

ሲዲ ሻድሊ፣ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሏል ያልከኝ ያን ቀን ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡር ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ልጅ «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» እስክትለኝ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ቅዳሜ የቀረችውን አንዷን ቅዳጅ እንደዚያው አጥፌ በማስመሪያ ለካኋት። ስድስት ሚሊ ሜትር። በጉንጭህና በፕላስቲኩ መካከል ስትጫን ምን ያህል እንደምትሆን አላውቅም፤ ሁለቱን ጎን እኩል ማጠፌንም አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ሪም የሰጠችኝን የወረቀቱን ሌላ ግማሽ አወጣሁ። ስንት ጊዜ ያነበብኩት ነው። ጨረሩ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከሳተ ዳር ላይ ያለው ብናኝ እንዳልተወጋ ነው ይላል። ተኝቶ ይቀራል። የተኛው ብናኝ ያለበት ሥጋ ደግሞ ከአራት ቀን በኋላ ምን ሆኖ እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም።

ያሰብኩትን ሁሉ ካልነገርኩህ ይህም ግማሽ ወረቀት ይሆናል። ቅዳሜን ሙሉ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ሰኞ ከፎቶው በፊት ቁራጮቹን አውጥቼ፣ ራስህን በእጄ አስተካክዬ ባስቀምጥ ፎቶው ልክ ይሆናል። ከፎቶው በኋላ እመልሳቸዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የቀረው። ትጨርሳለህ፣ ሱቅህን ትከፍታለህ፣ እኔም ቀጥ ብሏል የተባለች እህት ሆኜ እቀራለሁ። ይህን ያሰብኩት አንድ ጊዜ አይደለም። ሳህን ሳጥብ አሰብኩት፣ ልብስ ሳሰጣ አሰብኩት፣ መልካም ሐሳብም መሰለኝ።

ለረመዳን ብዬ ነው ብልህ ታምነኛለህ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የአባታችንን ሥራ በአንተው ፊት ላይ መሥራት ፈልጌ ነበር። ሁለት ጣቴ ሲገባ መጀመሪያ የመጣልኝ ሪም አልነበረችም፤ መቀሱ ነበር።

ነገ ጠዋት ካፖርትህን መስቀያው ላይ ስትሰቅል ይህን ወረቀት ኪስህ እከታለሁ።

*

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17። ዝናቡ ቆሟል፤ ብርቱ ነፋስ። የነበሩት፦ ሪም፣ ኑሪ፣ ሻድሊ፣ እኔ።

ኪስህ አልከተትኩትም። ያደረግሁትን በተራ እጽፋለሁ፤ አብዛኛውን አንተም አይተሃል፣ ግን መዝገብ ያየም ያላየም እንዲያነበው ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ደረስኩ። ጋውኔን ሳልለብስ አራቱን ቁራጮች ከጭንብልህ ሳላወጣ ጭንብሉን እንዳለ ይዤ ሪም ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ቀዩን ሱፍ አየች፣ ፊቴን አየች።

«እትዬ ዳሌንዳ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ብዕሯን አስቀመጠች።

«አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። በሩን አንኳኩተሽ ብትጠሪኝ ምን ነበረበት?»

ጭንብሉን ወደ እሷ ገፋሁት። ኑሪ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ሳይቀልድ የዋለበት ቀን የለም። «ጠብቋል አልሽኝ እኮ» አለ። ከሪም ቁጣ ይልቅ ያ ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ።

ሁለት ሰዓት ላይ መጣህ። ሪም ልትነግርህ ስትል «እኔ ልንገረው» አልኳት። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ሰማኸኝ።

«አራት ቀን?» አልክ።

«አራት ቀን።»

«ቀጥ ብሏል ያልኩሽ እሱን ነው?»

«እሱን ነው።»

ከዚያ ሪም በጠየቀችህ መሠረት ከነሱፉ ጭንብሉን አለበስኩህ፤ ጨረር ሳይኖር ፎቶ ብቻ ተነሣ። አራት ሚሊ ሜትር፣ ወደ ግራ ስቷል። ሪም ስክሪኑን ወደ አንተ አዞረችው። «ብናኙ ይሄ ነጩ ነው፤ አለ፣ ቦታውን አልለቀቀም። ሦስት ሚሊ ሜትር ቢስት አስቀድመን አስበንበታል። የቸገረን አንዱ ነው። ከኋላ በኩል ያለው ይሄ ዳር በነዚያ ቀናት የሚገባውን አላገኘም።»

«ምን ይሆናል?» አልኳት እኔ።

«አላውቅም። ማንም አሁን ሊያውቅ አይችልም። አዲስ ጭንብል፣ አዲስ ስሌት፤ ሐሙስ እንቀጥላለን። ሐኪሟን በስልክ አግኝቻት ነበር፣ ሁለት ቀን ይጨመር ብላለች። ያ ማለት ማርች 6።» ስክሪኑን ትታ ወደ አንተ ዞረች። «ረመዳን ይገባል፣ ሲዲ ሻድሊ።»

ተነሣህ። ቆብህን ደፋህ፣ ካፖርትህን ለበስክ። «ብያለሁ» አልክና ወጣህ።

ማንም አልተከተለህም። እኔ ወደ ጭንብል ክፍሉ ሄጄ ፕላስቲኩ የሚለሰልስበትን ገንዳ ውሃ ሞላሁትና ምድጃውን አበራሁ። ሪም መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ ለማን ነው?»

«ሰባ ዲግሪ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል» አልኳት።

«ከዛሬ በኋላ እስኪወሰን ድረስ እዚህ ክፍል አትሠሪም። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

መዝገቡን ከፈትኩ። በሰኞ 10 እና በዛሬ መካከል ባዶ መስመር አልነበረም፤ ስለዚህ በኅዳጉ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ ማክሰኞን ጻፍኩ። ዝናቡን፣ ሦስታችንን፣ አራት ቁራጭ ሱፍ ሁለት እጥፍ፣ ሁለት ጣት። ከሥሩ ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን። ፈረምኩ።

ከዚያ በመስኮቱ አየሁህ። ታክሲዎቹ የሚቆሙበት ጋ ነፋሱ ውስጥ ቆመሃል፤ ቆብህን በአንድ እጅህ ይዘኸዋል። አንድ ታክሲ አለፈ። ሁለተኛው ቆመ። ጎንበስ ብለህ ለሾፌሩ የሆነ ነገር አልከው። ምን እንዳልከው አላውቅም። ሄደ። አንተ ቀረህ። ቴርሞሜትሩ ስልሳ አንድ ይላል። ስልሳ አራት ሲል ተመልሼ አየሁ፤ ታክሲው ቦታ ላይ ማንም የለም። ሌላ ታክሲ ይዞህ የሄደ መሰለኝ። ከመስኮቱ ዞር ማለት አቃተኝ።

«ሞቀ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

በሩ ላይ ነበርክ፤ ሪም ከአንተ ጀርባ።

«እየሞቀ ነው፣ ሲዲ።»

ካፖርትህን አወለቅህ። ከዚያ ቆብህን። መስቀያው ከጎንህ ነበር፤ አላየኸውም። ቆቡን ወደ እኔ ዘረጋህ። እጄ እርጥብ ነበር፤ ጋውኔ ላይ ጠረግሁት፣ አልበቃኝም፣ ደግሜ ጠረግሁት።

«ያዢ» አልክ። አንደበትህ ተያይዞ ቃሏን ሁለት ጊዜ ሞከርካት። «ውስጡ ደሞ ምንም እንዳትወትፊበት።»

ኑሪ ከሪም ኋላ ሆኖ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ጠረጴዛው ላይ ተኛህ። ውሃው ሰባ ደረሰ። ፕላስቲኩን ለማውጣት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ያንን ቆብ የማስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ አጣሁ። ራሴ ላይ ደፋሁት። ሰፍቶኝ እስከ ቅንድቤ ወረደ። ሪም አጠገቤ ቆማ እያንዳንዷን የእጄን እንቅስቃሴ ትከታተል ነበር። ፕላስቲኩን ከውሃው አወጣሁ፣ አራገፍኩ፣ ፊትህ ላይ ዘረጋሁት፣ በግንባርህ፣ በአፍንጫህ አጥንት፣ በጉንጭህ ጉድጓድ፣ በአገጭህ ሥር በመዳፌ ተከተልኩት። ፊትህ ከስቷል፣ ሲዲ ሻድሊ፤ የአባታችንን አጥንት ይዟል። ነፋሱ አየሩን ስላደረቀው በስምንት ደቂቃ ጠነከረ።

ጣቴን በጉንጭህና በፕላስቲኩ መካከል ለማስገባት ሞከርኩ። አልገባም። ሪም እንድትሞክር ቦታ ለቀቅሁላት። የእሷም አልገባም። ይህንንም ጻፍኩት።

ይህን ወረቀት በማርች 6፣ የመጨረሻው ቀን ሲያልቅ እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ምሽት ምሽት ሱቁ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ አንተ ስትደክም ደንበኛ የሚያነጋግር ሰው ያስፈልግሃል።

እህትህ ዳሌንዳ